ማናዬና ያልጠናው ድልድይ

ማናዬን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁሉ መልሷን ሲሰማ ይስቃል። «ቤት አጠጣለሁ» ትላለች፣ ሌላው ሰው አትክልት አጠጣለሁ እንደሚለው። ቀልዷን ግን አይደለም። ለቡ ውስጥ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከቆሙት ፎቆች የእሷ ውሃ ያላረፈበትን ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። አርማታ ተሞልቶ ሲያልቅ ሠራተኛው እጁን ታጥቦ ይሄዳል፣ አናጺው ይሄዳል፣ መሐንዲሱም መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ማናዬ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጆንያዋን ታነጥፋለች፣ የውሃ ጎማዋን ትዘረጋለች፣ ከዚያ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ወደ ማታ ማጠጣት ነው። አዲስ አርማታ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይሰነጣጠቃል፤ ጉልበት የሚያወጣው ውሃ እየጠጣ ቀስ ብሎ ሲጠና ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ተምረው የመጡት መሐንዲሶች ግን ማናዬ ስለ ውሃ ስትናገር ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

ከጎጃም የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ባሬላ ተሸከመች፣ ድንጋይ አቀበለች፣ አሸዋ ነፋች። እንግዳ የሚባለው ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ልጃቸው ቲና ሦስት ዓመት ሲሞላት ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ማናዬ እንዲያው ስታዩዋት ቀጭንና ዝምተኛ ነገር ናት፤ አርማታ ላይ የቆመ ሰው ካየች ግን አፏ አይቻልም። «አንተ! እሱ መተላለፊያ መሰለህ? ውረድ ብያለሁ!» ስትል ስንቱ ጎልማሳ እግሬ አውጪኝ ብሏል መሰላችሁ። በመንገድ ስታልፍ ደግሞ የድሮ ፎቆቿን ቀና ብላ ታያቸዋለች። «ይሄ እኮ ልጄ ነው፣ በመጋቢት ፀሐይ አሰቃይቶኛል» ትላለች። አብሯት የሚሄድ ሰው ያፍራል፣ እሷ አታፍርም።

አንዲት ጥፋት አለችባት። ቲና አንደኛ ክፍል እያለች ትኩሳት ያዛትና ማናዬ ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች። ጎፋ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሕንፃ ሶሌታው፣ የፎቁ የአርማታ ወለል፣ ገና በተሞላ በሦስተኛው ቀን ነበር፤ በእሷ ፋንታ ማንም አላጠጣውም። ስትመለስ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቆ አገኘችው። ሶሌታው ፈረሰ፣ ሰው ሁሉ እንደገና ሲለፋ ከረመ። ያን ጊዜ አንድ ሰው እንኳ ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ሕንፃ በር አታልፍም። ከዚያ በኋላ አርማታ ተሞልቶ ማናዬ የቀረችበት ቀን የለም። በዓል ነው ብላ አልቀረችም፣ ታምማም አልቀረችም። ለቅሶ እንኳ ሲገጥማት አጠጥታ ነው የምትሄደው።

ወደ ድልድዩ ልምጣ። ማናዬ ከምትኖርበት የለቡ ጫፍ ዝቅ ብሎ ወንዝ አለ። በላዩ የነበረው ድልድይ ጠባብና ያረጀ ነበር፤ ሁለት መኪና ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ አይተላለፉም፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ከላዩ ይሄዳል። እሱን አፍርሰው ሰፊ የአርማታ ድልድይ መሥራት ጀመሩ። እስኪያልቅ ድረስ ማዶ መሄድ የፈለገ ሰው በጀሞ ይዞራል፤ ሚኒባስ ተጋፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶበት፣ አንድ ሰዓት ብቻ ከፈጀበት ቀንቶታል ማለት ነው። በኅዳር ያልቃል ተባለ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥም አለፈ፣ የላዩ አርማታ የተሞላው ጥር አራት ቀን ሆነ። የሥራው መሐንዲስ ፌኔት፣ ገና ወጣት ልጅ ናት፣ ማናዬን አስጠርታ «እትዬ ማናዬ፣ አደራ። ሰው በእግሩ ይለፍ። መኪና ግን ሃያ ስምንት ቀን ሳይሞላው እንዳይረግጠው» አለቻት።

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለች ማናዬ፣ ቅር ብሏት።

እና የቲና ሰርግ መቼ ነው? ጥር አሥራ ሰባት! ድልድዩ በኅዳር ያልቃል ሲባል ሁለቱም ቤተሰብ አምኖ ቀኑን ቆርጦ፣ አዳራሹን ይዞ፣ ጥሪውን በትኖ ጨርሷል። ሙሽራው ለሊሳ ከወንዙ ማዶ ጎፋ ያደገ አስተማሪ ነው፤ ወንዙን እንደተሻገሩ ባለው መንገድ ላይ ቤት ተከራይቶ ትዳሩን የሚጀምረውም እዚያው ማዶ ነው። ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ማናዬ በጣቷ ቆጠረችና «አሥራ ሦስተኛ ቀኑ ላይ ነው የሚውለው» አለች።

«የምኑ አሥራ ሦስተኛ?» አለች ቲና።

«የአርማታው።»

ቲና ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ነገር የምታበርድ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን አልበረደላትም። «እማ፣ ሰባት መኪና ብቻ ነው'ኮ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በጀሞ ከዞሩ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል።»

«ገና አልጠናም።»

«ድንጋይ ሆኗል! ትናንት ሄጄ አይቼዋለሁ።»

«ከላይ ስታዪው ድንጋይ ነው። ውስጡ ነው ያልጠናው።»

ያኔ ቲና የሃያ ዓመቱን አወጣችው። «ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሲሆን የሰው ሁሉ እናት መጥታ የእኔ እናት ሶሌታ ታጠጣ ነበር። ስመረቅ ሰው ሁሉ ፎቶ ተነስቶ ከሄደ በኋላ ደረስሽ፣ ጫማሽ ላይ ሲሚንቶ ነበረበት። እሺ፣ እኔን ለማሳደግ ነው ብዬ ቻልኩት። አሁን ግን ሰርጌ ነው፣ እማ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ እኔን ከአርማታ አስበልጪኝ።»

ማናዬ ሆዷ ውስጥ መልስ ነበራት፤ አፏ ላይ አልመጣ አለ። «በዕለቱ ልብሴን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ። በአባትሽ በእንግዳ አፅም! መኪናው ግን በጀሞ ይዙር» አለች። ቲናም «እሺ» አለች። እናንተ እንዲህ ያለውን «እሺ» ታውቁታላችሁ፤ በሩን ፊታችሁ ላይ የሚዘጋ «እሺ» ነው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ በቤቱ ውስጥ «እሺ»ና «አይ» ብቻ ተነገረ። ማናዬን እንቅልፍ የነሳት ሰርጉ አልነበረም። አንዲት ልጇ ተቀይማት ከቤቷ ልትወጣ ነው፤ ይህን ነበር የፈራችው።

በሰርጉ ዕለት ሳይነጋ ተነስታ ድልድዩን አጠጥታ ተመለሰች። ታጠበች፣ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሷን ለበሰች፤ ጎረቤቷ እፀገነት ነጠላዋን ደጋግማ አስተካከለችላት። ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ቃሏን ጠብቃ። ቲና በመስኮት አየቻትና ወደ መስታወቷ ዞረች፤ ማናዬ ግን ፊቷ ትንሽ እንደተፈታ አየች። እህ፣ ለዚያች ለትንሿ ነገር ልቧ እንዴት እንደዘለለ!

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። የድልድዩ ዘበኛ ጋሽ ኢስማኢል ናቸው።

«ማናዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! አንቺ ፈቅደሻል ስላሉኝ መንገዱን የዘጉትን በርሜሎች አነሳሁላቸው።»

«ምኑን ነው የፈቀድኩት፣ ጋሼ?»

«ሰርገኛው እንዲያልፍ ነዋ! የሙሽራዋ እናት የድልድዩ ኃላፊ ናት አሉኝ። የሙሽራው አጎት ናቸው ያሉኝ፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

ማናዬ ስልኩን አልዘጋችም፤ እንደያዘችው ቁልቁል ሮጠች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ፣ እርጥቡን ጆንያ እየረገጠች ድልድዩን ተሻግራ ማዶ ስትደርስ በአበባ ያጌጠችው ነጭ መኪና የፊት ጎማዋ አርማታው ላይ ለመውጣት ሁለት ክንድ ያህል ቀርቶታል። ከኋላዋ ስድስት መኪና ክላክሱን ያንባርቃል። ማናዬ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አይሆንም! አታልፉም!»

እስቲ ፍረዱ። በእኛ አገር ሰርግ ሙሽራው የልጅቷ በር ላይ ሲደርስ የሴቷ ወገን በሩን ዘግቶ አናሳልፍም ይላል። የወንዱ ወገን ይዘፍናል፣ ይለምናል፣ ሽቶ ይረጫል፣ እየተሳሳቁ ይገፋፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ታዲያ የሙሽራዋ እናት በሐበሻ ቀሚስ ደምቃ እጇን ዘርግታ «አታልፉም» ስትል ሰርገኛው ምን ያስብ? «እልልልል!» ተባለ። «ወይ ጉድ፣ እስከ ወንዙ መጥተው ነው እንዴ የሚዘጉብን!» እያሉ ሚዜዎቹ ከመኪና ዘለው ወረዱ፣ ከበሮው ተመታ።

«ቀልዴን አይደለም! አርማታው አልጠናም!» አለች ማናዬ።

«አልጠናም አሉ!» እያሉ ጨፈሩ። አንዱ ሚዜ ሽቶውን አውጥቶ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ ረጫት። «በገብርኤል! በገብርኤል ይዣችኋለሁ!» አለች፤ ጭብጨባው ባሰበት። ቪዲዮ ቀራጩማ ደስታውን አልቻለውም፤ ተንበርክኮ ካሜራውን ደቀነና «እማማ፣ በጣም አሪፍ ነው! እስቲ እጅዎን እንደዘረጉ አንዴ ይድገሙልኝ!» አላት። የሙሽራው አጎት አቶ ዋቅቶላ፣ ግዙፍ ሰው ናቸው፣ ካባቸውን ደርበው ወርደው ጎንበስ አሉላት። «ወይዘሮ ማናዬ፣ በሞቴ! ከጎፋ ድረስ መጥተን አያሳፍሩንም» አሉና ለሹፌሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። መኪናዋ እንደ ጨዋታ ትንሽ ወደፊት አለች።

ከዘበኛው ቆርቆሮ ቤት አጠገብ የውሃው ሮቶ ነበር፣ ጎማውም እዚያው ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ማናዬ ሮጣ ቧንቧውን ከፈተችው። መጀመሪያ ሲነካቸው አሁንም ጨዋታ መሰላቸው፤ ሽቶ ረጨናት፣ ውሃ ረጨችን ብለው ሳቁ። እሷ ግን ማቆም ከየት መጥቶ! የመኪናዋን አበባ አረገፈችው። ሚዜዎቹን ከነሱፋቸው አራሰቻቸው። አቶ ዋቅቶላን ደረታቸው ላይ ስታገኛቸው ግን ከበሮው ዝም አለ።

አቶ ዋቅቶላ ካባቸውን ቁልቁል አዩት። ውሃው በወርቀ ዘቦው ላይ ይንጠባጠባል። «እኛ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሽማግሌ ልከን፣ ፈቃድ ጠይቀን፣ በክብር የመጣን ሰዎች ነን። እንዲህ ያለ አቀባበል አይቼ አላውቅም።» ለሊሳ ከመኪናው ወርዶ «አጎቴ፣ ቆይ፣ ቆይ» ሲል «አንተ ዝም በል!» አሉት። «መኪናውን አዙሩ። እኛ ውሃ ወደረጨብን ቤት አንሄድም።» ማናዬ ግን ጎማውን አልለቀቀችም። ሰርጉን በገዛ እጄ አፈረስኩት ብላ አሰበች።

ያኔ ከለቡ በኩል ቲና ስትመጣ ታየች። ሙሽራ ሳትወሰድ ከቤቷ አትወጣም፤ ግን እናትሽ ከሰርገኛው ጋር ተደባደበች ሲሏት ማን ይቀመጣል? ነጭ ቬሎዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በባዶ እግሯ በእርጥቡ ጆንያ ላይ መጣች። የራሰውን አጎት አየች፣ የረገፈውን አበባ አየች፣ ከዚያ እናቷን።

«እማ» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «ዛሬ እንኳን? በዛሬዋ ቀን እንኳን ይሄ አርማታ ከእኔ ይበልጥብሻል?»

ሦስት ቀን አልወጣ ያለው መልስ አሁን መጣ።

«ቲና፣ ዛሬ ከቤቴ ልትወጪ ነው» አለች ማናዬ። «ነገ ደግሞ እናቴን ልያት ስትዪ በየት በኩል ነው የምትመጪው? በጀሞ ዞረሽ? ሚኒባስ ተጋፍተሽ? መጀመሪያ በሳምንት ትመጫለሽ። ከዚያ ልጅ ይመጣል፣ ሥራ ይበዛል፣ በወር ይሆናል፤ ከዚያ ለበዓል ብቻ። አልፈርድብሽም፣ መንገዱ ነው። ይሄ ድልድይ እኮ አንቺ ወደ እኔ የምትመጪበት ነው፣ ልጄ። ሌላ ምን አለኝ? እስከ ዛሬ ያጠጣሁት ሁሉ የሰው ነው። ይሄን ግን ለራሴ ነው ያጠጣሁት። ዛሬ ሰባት መኪና ወጥቶበት ቢሰነጠቅ ያፈርሱታል። እንደገና እስኪሠራ ስንት ጊዜ ነው ሳላይሽ የምኖረው?»

ከታች ወንዙ በድንጋዩ መሐል ይሰማ ነበር። ቪዲዮ ቀራጩ እንኳ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። የቲና ጫማ ከእጇ ወደቀ፤ የተኳለው ዓይኗ በአንዴ ተበላሸ። አቶ ዋቅቶላ ወደ ሹፌሮቹ ዞረው ጮኹ። «ምን ያቆማችኋል? ሰማችሁ አይደል! ሰባታችሁም በጀሞ ዙሩ! አንድ ጎማ ይህን አርማታ ሲነካ ባይ የምሠራውን አውቃለሁ!» ከዚያ ለማናዬ እጃቸውን ሰጧት፤ ካባቸው አሁንም ይንጠባጠብ ነበር። «እኔ ሦስት ሴት ልጅ ድሬያለሁ» አሏት ዝቅ ብለው። «አንዷ በዓመት አንዴ ነው የምትመጣው።»

ለቡና ጎፋ እንዲህ ያለ ሰርግ አላዩም። ሰርገኛው በሙሉ በእግሩ ተሻገረ፤ ሴቶቹ ጫማቸውን ይዘው፣ ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ከበሮው እየተመታ። የማናዬ ቤት ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ጉድ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል! እፀገነት የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ ዘግታዋለች። ሙሽራው ውጭ፣ ሙሽሪት ውጭ፣ የሙሽሪት እናትም ውጭ።

«እፀገነት፣ እኔ ነኝ! ክፈቺ!» አለች ማናዬ።

«ከወንዱ ወገን ጋር የመጣ ሰው አናስገባም!» አለች እፀገነት ከውስጥ። አቶ ዋቅቶላ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሽቶው ማናዬ ላይ አልቆ ስለነበር መግቢያ ያገኙት በልመና ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉም በወጉ ሆነ፤ ሙሽሮቹ የማናዬን ጉልበት ሳሙ፣ እሷም መረቀች። መኪኖቹ በጀሞ ዞረው ሲደርሱ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው፤ አዳራሹ ጠበቀ፣ እንግዳው ጠበቀ፣ ማንም አልሞተም። ማናዬ ስትሸኛቸው ሰው ሁሉ ታለቅሳለች ብሎ አጠገቧ ቆሞ ነበር። አላለቀሰችም። ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበች።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት በፈረቃዋ ድልድዩ ላይ ነበረች። ሙሽሮቹ ለመልስ የሚጠበቁት ማክሰኞ ነው። ጎማውን ይዛ መሐል ላይ እያጠጣች ሳለ ከማዶ አንዲት ሴት በነጠላ ጫማ፣ ጠጉሯን በሻሽ አስራ ስትመጣ አየች። ጠጋ ስትል ቲና ናት።

ማናዬ ክው አለች። «ምን ሆንሽ? ተጣላችሁ?»

«አይ፣ ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ሙሽራ በማግስቱ ከቤት ይወጣል? ሰው ምን ይላል?»

«ለሊሳ ተኝቷል። ስንት እንደሚፈጅ ላይ ብዬ ነው፣ እማ» አለች ቲና። «ከበራችን እስከዚህ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፣ በእግር። በየቀኑ እመጣለሁ።»

የሰርጉ ቀን ያልመጣው ዕንባ ያኔ መጣ። ማናዬ በልጇ አንገት ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ጎማው ከእጇ ወድቆ ውሃው በድልድዩ ዳር ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርድ ጀመር።

«እማ፣ ውሃው በከንቱ እየፈሰሰ ነው» አለቻት ቲና።

«ይፍሰስ» አለች ማናዬ፣ ሳትለቃት።